ጉልበትና ዳሌ ማስቀየርን ስለሚያስፈራራው ጽሑፍ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ከርሟል። ታካሚዎቼም እያወጡ ያሳዩኛል። «ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ይሉኛል። የጽሑፉ መልእክት ባጭሩ ይህ ነው፦ ከባድ አርትራይተስ (መገጣጠሚያን የሚጎዳ በሽታ) ቢኖርባችሁም ጉልበታችሁን ወይም ዳሌያችሁን በቀዶ ሕክምና አታስቀይሩ። ጸሐፊው ምክንያታቸውን ይደረድራሉ። ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ ከ10 ዓመት አያልፍም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው መታገስ ይሻላል። ስፖርትና መርፌ ያንኑ ውጤት ይሰጣሉ። ሰውነት ባዕድ ነገር አይቀበልም። ካስቀየሩት ሰዎች ከ5ቱ 1ዱ ይጸጸታል። በዕድሜ የገፋ ሰው ቀዶ ሕክምናውን አይችለውም። በዚያ ላይ ነገሩ ሁሉ የሐኪሞችና የአምራቾች ገበያ ነው።

ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ ባለፍኩት ነበር። ግን ውስጡ እውነት አለ። ሰውን የሚያሳምነውም እሱ ነው። ከእውነቱ ጋር ተደባልቆ የገባው ስህተት ደግሞ ሰውን ዓመታት ቤት ያስቀምጣል። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ በእንቅስቃሴና በልምምድ ማከም ማለት ነው። ሰው ቀዶ ሕክምናውን ፈርቶ ወደ ስፖርት ቢዞር ገበያው የሚደራልኝ እኔው ነኝ።

ከ10 ዓመቱ ልጀምር። ጸሐፊው ቁጥሩን ከየት እንዳመጡት አልነገሩንም። ድሮ ሐኪሞች ራሳቸው «ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግልሃል» ይሉ ነበር፤ በብዙ ሰው ጆሮ የቀረው ያ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጡ ጥናቶች ግን ጥያቄውን በመዝገብ መለሱት። የተቀየረ መገጣጠሚያ ሁሉ የሚጻፍባቸው የአውስትራሊያና የፊንላንድ መዝገቦች ተገላበጡ። ከተቀየሩት ዳሌዎች 58 በመቶ የሚሆኑት ከ25 ዓመት በኋላም ሁለተኛ ቅየራ አላስፈለጋቸውም። ሙሉ ለሙሉ ከተቀየሩት ጉልበቶች ደግሞ 82 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት ደፍነዋል። 15 ዓመት ላይ ብንቆም፣ ከ10 ዳሌዎች 9ኙ ገደማ ያለ ችግር እየሠሩ ነበር።

እነዚህ እንግዲህ የዛሬ 25 ዓመትና ከዚያ በፊት የገቡ ናቸው። ያኔ በሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ ውስጥ የነበረው ፕላስቲክ ቶሎ ያልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየተለመደ የመጣው፣ በጨረር እንዲጠነክር የተደረገው ፕላስቲክ ከድሮው በጣም ባነሰ ፍጥነት ነው የሚበላው።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ቦታም አለ። ዕድሜ ወሳኝ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ70 ዓመት በኋላ ያስቀየረ ሰው በቀሪ ዕድሜው እንደገና ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ከ100 ጊዜ 5 ጊዜ ገደማ ነው። በ50ዎቹ መጀመሪያ ላይ ላሉ ወንዶች ግን ይህ ቁጥር እስከ 35 ይደርሳል። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው ይከብዳል። የሚነካው አጥንት የሳሳ ነው፤ ውጤቱም እንደ መጀመሪያው አያምርም። ስለዚህ የ52 ዓመት ሰው «ትንሽ ልቆይ» ቢል አልፈርድበትም። የ72 ዓመት ሴትን በዚሁ ምክንያት ቁጭ ብላ እንድትሰቃይ መምከር ግን ምን ይባላል?

ትዕግሥቱም ነጻ አይደለም። ጽሑፉ ፈጽሞ ያልነካው ነገር ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። ጉልበቱ የሚያመው ሰው እግሩን ማሳረፍ ይጀምራል። የጭኑ ጡንቻ ይቀልጣል። ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት እየተወ ይመጣና አንድ ቀን ብዘርጋው ቢልም እንቢ ይለዋል። በታጠፈ ጉልበት ሲራመድ ወገቡ ይከተላል፤ ደህነኛው እግር የሁለቱን ሸክም ብቻውን ይሸከማል። ደረጃ ይቀራል፤ ከዚያ ከቤት መውጣት ይቀራል። ክብደት ይጨምራል፤ ስኳሩና ደም ግፊቱ አብረው ይወጣሉ። በየቀኑ የሚዋጠው የሕመም ማስታገሻም ጨጓራንና ኩላሊትን ሲጎዳ ይቆያል።

ታዲያ ይህ ሰው በመጨረሻ «አሁንስ በቃኝ» ብሎ ቢያስቀይር፣ ሐኪሙ የሚቀይርለት መገጣጠሚያውን ብቻ ነው። የቀለጠውን ጡንቻ አይቀይርለትም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አቅሙ በጣም የወረደ ሰው ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ እንደሚቀር በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል። እኔ ጋ ሲመጡም ልዩነቱ በዓይን ይታያል። አንዱ በምርኩዝም ቢሆን ሱቅ ደርሶ ይመለስ የነበረ ሰው ነው። ሌላው ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ የከረመ ነው። ሁለቱ የተገጠመላቸው ዕቃ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ማገገማቸው ግን አንድ አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ ሥራዬን የሚያሞግስ ስለሆነ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስፖርትና ክብደት መቀነስ ከቅየራው እኩል ይሠራሉ ይላሉ፤ ለማስረጃም አንድ የዴንማርክ ጥናት ይጠቅሳሉ። ጥናቱ አለ፤ ጥሩ ጥናትም ነው። ጸሐፊው ግን እስከ መጨረሻው ያነበቡት አልመሰለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው። ጉልበታቸው ለቅየራ የደረሰ 100 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የ12 ሳምንት እንቅስቃሴ፣ የአመጋገብ ምክር፣ የጫማ ድጋፍና እንዳስፈላጊነቱ መድኃኒት አገኙ። ሌሎቹ መጀመሪያ ጉልበታቸው ተቀየረና ከዚያ ይህንኑ ሁሉ አገኙ። ከ1 ዓመት በኋላ ሕመሙ፣ እንቅስቃሴውና የኑሮው ጥራት ተደምሮ ከ100 ነጥብ ተለካ። ጉልበት የተቀየረላቸው በአማካይ 32.5 ነጥብ ተሻላቸው። ሌሎቹ 16። እጥፍ ማለት ነው! በዚያው ዓመት ውስጥ ደግሞ ያለ ቀዶ ሕክምና እንዲታከሙ ከተመደቡት 50 ሰዎች 13ቱ ሄደው አስቀየሩ።

ጥናቱን ለኔ በሚመቸኝ በኩል ብቻ ካነበብኩት እኔም እንደ ጸሐፊው ሆንኩ ማለት ነው። ስለዚህ ሌላውን ገጽም ልግለጠው። 50ው ላይ 13 ሲቀነስ 37 ነው። እነዚህ ሰዎች ሐኪም «ለቅየራ ደርሳችኋል» ብሏቸው ዓመቱን ያለ ቢላዋ ጨርሰዋል። ከባድ የሚባሉ የጤና ችግሮችም በቀዶ ሕክምናው ቡድን 24፣ በሌላው 6 ተመዝግበዋል። ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም። ስፖርቱን በቅጡ ሳይሞክሩ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና መሮጥ ትክክል አይደለም ቢሉ ኖሮ አብሬያቸው እጮህ ነበር። እሳቸው ያሉት ግን «እኩል ነው» ነው። በዚያ ላይ ጥናቱ ሕመማቸው በጣም የከፋባቸውን ሰዎች ከመጀመሪያው አላስገባም። ጽሑፉ የሚመክረው ደግሞ እነዚያኑ ሰዎች ነው።

ዳሌ ላይ ልዩነቱ ይብስበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 እዚያው ዴንማርክ ውስጥ የተሠራ ሌላ ጥናት ወጥቷል። 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 109 ሰዎች ገቡበት። ግማሾቹ ዳሌያቸው ተቀየረ፤ ግማሾቹ ጡንቻ የሚያጠነክር የክብደት ልምምድ በባለሙያ ክትትል ሠሩ። ከ6 ወር በኋላ ከ48 በሚታሰበው የዳሌ መለኪያ የተቀየሩት 15.9 ነጥብ፣ የተለማመዱት 4.5 ነጥብ አሻሻሉ። ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ይህን ማንበብ አንጀት አያርስም። ግን ቁጥሩ ቁጥር ነው።

ምክንያቱ ለሚገባው ሰው ይገባዋል። ልም አጥንቱ፣ ማለትም የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ነገር፣ አልቆ አጥንት ከአጥንት ሲፋተግ፣ የጠነከረ ጡንቻ ጫናውን ይቀንሳል። ያለቀውን አይመልስም።

ጽሑፉ መሃል ላይ ሌላም መደባለቅ አለ። ጉልበት ላይ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከማስመሰያ ቀዶ ሕክምና እንደማይበልጥ በጥናት ተረጋግጧል ይላሉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የወጣው፣ 180 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ነው። እውነት ነው፤ ቆዳቸው ብቻ ተቆርጦ የተሰፋላቸው ሰዎች ከሌሎቹ እኩል ተሽሏቸዋል። ግን የተመረመረው በካሜራ ገብቶ ጉልበትን ማጠብና ማጽዳት ነበር። ስለ ቅየራ አንድም ቃል የለበትም። ሁለቱን ማምታታት የዋህነት ከሆነ ይሁን፤ አንባቢን ግን ያሳስታል።

«ሰውነት ባዕድ ነገር አይቀበልም» የሚለው በሁለት መስመር የሚያልቅ ነው። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ እንዳይገፋው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይወስዳል። ጉልበቱን ያስቀየረ ሰው እንዲህ ያለ መድኃኒት አይወስድም፤ ምክንያቱም የገባው ብረትና ፕላስቲክ እንጂ የሌላ ሰው ሥጋ አይደለም። ጸሐፊው «ጉልበቱ ተቆርጦ ይወጣል» ብለው የጻፉትም አጉል ማስፈራሪያ ነው። ከሁለቱ አጥንቶች ጫፍ 1 ሳንቲሜትር ያህል ይላጣል፤ በላዩ ላይ ብረት ይለበሳል። ጥርስ ላይ እንደሚደረግ ክዳን አስቡት። በጎን ያሉት ትልልቅ ጅማቶች አብዛኛውን ጊዜ ባሉበት ይቀራሉ።

የዳሌ ቅየራን ታሪክ ስለምወደው ግን ትንሽ ልቆይበት። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ዳሌ ውስጥ የሚገባውን፣ የጭን አጥንት ራስ የሚዞርበትን ጽዋ ከቴፍሎን መሥራት ጀመረ። መጥበሻ ላይ የሚቀባው ያው ቴፍሎን። ታካሚዎቹ መጀመሪያ ላይ ተሻላቸው፤ ጉድ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ቴፍሎኑ እየተበላ ብናኙ በዙሪያው ያለውን ሥጋና አጥንት ያስቆጣ ጀመር። አንድ በአንድ ተከፍተው እንዲወጡ ሆነ። ቻርንሊ ችግሩ ቴፍሎኑ መሆኑን ለማረጋገጥ ቁሱን በገዛ ራሱ ጭን ውስጥ አስቀበረ። ጭኑም አበጠ። እ.ኤ.አ. በ1962 ፖሊኢትሊን ወደሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ዞረ፤ ዛሬ የሚሠራው የዳሌ ቅየራም ከዚያ የመጣ ነው።

ስለዚህ ሰውነት የሚቆጣበት ነገር የለም አልልም። የሚቆጣው ብናኙን ነው፤ ብናኙ ሲበዛ አጥንቱ ይሳሳና ዕቃው ይላላል። ኒኬል ለሚባለው፣ በዕቃው ውስጥ ሊኖር ለሚችለው ብረት አለርጂ ያለበት ሰውም ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር አለበት።

የሚገርመኝ ግን ሊያስፈሩን የፈለጉት ጸሐፊ ዋናውን የሚያስፈራ ነገር ረስተውታል። ኢንፌክሽን! ከ100 ሰው 1 ወይም 2 ላይ ይደርሳል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የደረሰበት ሰው ግን መከራውን ያያል። ጀርሙ ብረቱ ላይ ከተለጠፈ መድኃኒት ብቻውን አያስለቅቀውም። ደጋግሞ መከፈት ይመጣል፤ አንዳንዴ ዕቃው ወጥቶ፣ ወራት ተጠብቆ፣ ሌላ ይገባል። ለዚህ ነው ጥሩ ሐኪም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስኳርህን አስተካክል፣ ሲጋራ አቁም፣ የተበላሸ ጥርስህን ታከም፣ እግርህ ላይ ያለው ቁስል ይዳን እያለ የሚያሰለቸን። ቀጠሮ ሲያራዝምባችሁ አትቆጡት።

ከ5ቱ 1ዱ ይጸጸታል ወደሚለው ስመጣ፣ እዚህ ላይ ለጸሐፊው ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ቁጥሩ ከሞላ ጎደል ልክ ነው። ጉልበታቸውን ካስቀየሩት ሰዎች ከ5ቱ 1ዱ ያህል በውጤቱ እንዳልረካ ይናገራል። ብዙ ሐኪም ይህን ለታካሚው አይነግርም፤ ሊነግረው ይገባል። ሁለት ነገር ግን ቀርቷል። አንደኛ፣ ይህ የጉልበት ቁጥር ነው። ዳሌ ላይ ከቆየ በኋላም ሕመም ያልለቀቃቸው ሰዎች ከ10 አንድ ገደማ ናቸው። ጽሑፉ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ዳሌውን ያለ ጥፋቱ ይወቅሰዋል። ሁለተኛ፣ ያልረካው ማን ነው ብለን መጠየቅ አለብን።

ካልረኩት መካከል ብዙ ጊዜ የሚገኙት ኤክስሬያቸው ላይ ጉዳቱ ገና ቀላል የነበረ ሰዎች ናቸው። ቶሎ ያስቀየሩ ማለት ነው። ይህ ጸሐፊው ከሚሉት ጋር ይስማማል፤ ከባድ አርትራይተስ ላለበት ሰው ግን ተቃራኒውን ነው የሚናገረው። እሱ የሚያገኘው ለውጥ ትልቅ ነው። ሌሎች ደግሞ ሕመሙ መጀመሪያውኑ ከጉልበቱ ያልመጣ ነው። ዳሌ ታሞ ጉልበት ላይ የሚሰማበት ጊዜ አለ፤ ከወገብ ነርቭ የሚመጣም አለ። ጉልበቱን ብታስቀይረው ምን ይሆናል? ምንም።

የቀረው የሚጠበቀው ነገር ነው። የተቀየረ ጉልበት የ20 ዓመት ልጅ ጉልበት አይሆንም። ሲንቀሳቀስ ቀጭ ቀጭ ሊል ይችላል። ከጠባሳው ውጪ በኩል ያለው ቆዳ ደንዝዞ ሊቀር ይችላል። መንበርከክ ለብዙ ሰው ይከብዳል፤ ቁጢጥ ማለትም እንደዚሁ። ሩጫ አይመከርም፤ መራመድ፣ ዋናና ብስክሌት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያማሉ፤ በደንብ ያማሉ። ጉልበቱን ማጠፍ የምናስለምደው እኛ ነን፤ በዚያ ሰሞን ማንም አይወደንም። አብዛኛው ሰው በ3 ወር ገደማ ወደ ኑሮው ይመለሳል፤ መሻሻሉ ግን እስከ ዓመት ይቀጥላል። ይህን ቀድሞ የሰማና ያልሰማ ሰው አንድ ዓይነት ጉልበት ይዘው እኩል አይረኩም።

ስለ ዕድሜ የተባለው ብዙ አያከራክርም። በእንግሊዝና ዌልስ መዝገብ ዳሌያቸውን ካስቀየሩ በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ከ1000 ወደ 6 የሚጠጉ ነበሩ፤ በ2011 ወደ 3 ወርደዋል። አብዛኞቹ ታካሚዎች ደግሞ ወጣቶች አልነበሩም። ዛሬ ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዝ ማደንዘዣ አለ፤ የደም መርጋት መከላከያ አለ፤ ታካሚው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይቆማል። ልቡ የደከመ፣ ሳንባው የታመመ ሰው አለ፤ ለእሱ ነገሩ በእርግጥ ሌላ ነው። የሚወስነው ግን የልብና የሳንባው ሁኔታ ነው፤ የልደቱ ቀን ብቻውን አይወስንም።

ገበያ ነው ለሚለው ምን እላለሁ? ገበያማ ነው። ብረቱን የሚሸጥ ድርጅት አለ፤ ሲያጭበረብርም ሆነ ሲሳሳት ታይቷል። ብረት ከብረት ጋር የሚገጥሙ ዳሌዎች በወጡ ጊዜ ብዙ ተወራላቸው። ዲፒዩ የተባለው አምራች ኤኤስአር የሚለውን ዳሌ ቶሎ እየተበላሸ ስላስቸገረ እ.ኤ.አ. በ2010 ከዓለም ገበያ ሰበሰበ። ነገሩን ቀድሞ ያጋለጠው ግን የአውስትራሊያ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ የተቀየረ መገጣጠሚያ እዚያ ይጻፋል፤ ቶሎ የሚበላሸው ዓይነት ከቁጥሩ ይታያል። ስዊድን እንዲህ ያለ መዝገብ እ.ኤ.አ. ለጉልበት በ1975፣ ለዳሌ በ1979 ጀምራለች። ስለዚህ ጥርጣሬው ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ወደ ጥያቄ ለውጡት። ሐኪሙን «በዓመት ስንት ትሠራለህ? የምትገጥምልኝ የትኛው ነው? መዝገብ ላይ ስንት ዓመት አስቆጥሯል?» በሉት። የሚቆጣ ከሆነ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

በመጨረሻ መርፌው። ጸሐፊው ቀዶ ሕክምናውን እየሸሻችሁ በየ3 ወሩ የስቴሮይድ መርፌ (የመገጣጠሚያን እብጠትና ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት) ተወጉ ይላሉ። ከጽሑፉ ሁሉ በጣም ያስቆጣኝ ይሄ ነው። መርፌው ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል፤ አልክድም። ሕመሙ ሲያገረሽ አንዴ ቢወሰድ የሚነቅፍ የለም። ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ጉልበታቸው የሚያማቸው 140 ሰዎችን በየ12 ሳምንቱ ለ2 ዓመት ወጋቸው፤ ግማሾቹን በስቴሮይድ፣ ግማሾቹን መድኃኒት በሌለበት የጨው ውኃ። ሕመማቸው ላይ ልዩነት አልተገኘም። ልም አጥንታቸው ግን ስቴሮይድ በወሰዱት ላይ የበለጠ ሳስቷል። ማለትም ለመሸሽ የተወሰደው መርፌ ወደሚሸሹት ነገር ያቀርባል። የባሰው ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ሊደረግ ከ3 ወር ያነሰ ጊዜ ሲቀረው የተወጋ ሰው የኢንፌክሽን ዕድሉ ከፍ ማለቱ ነው። ይህን ጽሑፍ አምናችሁ በቅርቡ የተወጋችሁ፣ አሁን ደግሞ ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ፣ የተወጋችሁበትን ቀን ለቀዶ ሐኪማችሁ ንገሩት። ቀጠሮውን በጥቂት ወር ቢገፋው ይግፋው።